ድመቴን ሆዷን አሟታል፣ ምን ልስጣት?

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ድመት ሆድ ናቸው፤ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ድርቀት። ከየማጀቱና ከየመድኃኒት ሳጥኑ ምን ምን እየተሰጣቸው እንደሆነ ሳነብ ደንግጫለሁ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ አቆይቼ ዛሬ እነዚህን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሳሪስ የጻፈችልኝ እህት ድመቷ ተቅማጥ ይዟታል። አቅም እንድታገኝ ብላ ጠዋት ማታ ወተት ትሰጣታለች፤ ተቅማጡ ግን አልቆመም።

መልስ፦ ወተቱን ዛሬውኑ አቁሚ፤ የተቅማጡ መንስኤ ራሱ ወተቱ ሊሆን ይችላል። ብዙ ድመቶች ጡት ከጣሉ በኋላ የወተትን ስኳር መፍጨት ያቅታቸዋል። ንጹሕ ውኃ አስቀምጪላት። ቆዳና አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ዘይት ቀቅለሽ በጣት በጣት ቆንጥረሽ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ በቀን አራት አምስት ጊዜ ስጫት። “ሆዷ እንዲያርፍ” ብለሽ አታስርቢያት፤ በተለይ ወፍራም ድመት ለቀናት ካልበላች ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ይታመማል። በአንድ ሁለት ቀን ካልተሻላት፣ ደም ካየሽ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለች ወደ ሐኪም። የድመት ልጅ ከሆነች ግን ይህን ሁሉ አትጠብቂ፤ ያስመለሳትና ያስቀመጣት ትንሽ ድመት ውኃዋ ቶሎ ያልቃል፣ ካልተከተበችም በሽታው ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ለቡና የጎዘጎዝነውን ቄጤማ ትበላለች፣ ከዚያ ታስመልሳለች።

መልስ፦ ድመት ሣር መብላቷ የተለመደ ነው፤ ቀን በቀን ካስመለሳት ብቻ አሳዩዋት።

ጥያቄ፦ አዳማ ያሉ አባት ወንዱ ድመታቸው “ሆዱ ደርቆበት” ከትናንት ጀምሮ አሸዋው ላይ እየተቀመጠ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ምንም አይወጣውም። የጉሎ ዘይት ልስጠው ወይ ይላሉ።

መልስ፦ አባቴ፣ ይህን ደብዳቤ ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። አይስጡት። ወንድ ድመት ሲያምጥ ሰው ድርቀት ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተዘጋው ሽንቱ ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በደለል ወይም በጠጠር ሲዘጋ መርዙ ወደ ደም ይመለሳል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ይገድላል። አሸዋውን ይመልከቱ፤ እርጥብ ቦታ ከሌለ ወይም ጠብታ ብቻ ካለ፣ እሱም ብልቱን ደጋግሞ የሚልስ ከሆነ ዛሬ ማታ ይውሰዱት፣ ነገ አይበሉ። ሆዱን አይጫኑ፣ ፊኛው ሊፈነዳ ይችላል። አዳማ ሐኪም ካጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው በቅርብዎ ቢሾፍቱ ነው። መንገድ ላይ እያሉ የሚነበብ ሌላ ምክር የለኝም።

ጥያቄ፦ ሰገራዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር አየሁ። ኮሶ ልስጣት?

መልስ፦ ያየኸው የኮሶ ትል ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒቱ ግን ኮሶ አይደለም። ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፣ ሐኪሙ መዝኖ ይሰጥሃል። ይህ ትል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ድመቷ ቁንጫ ስትውጥ ስለሆነ ቁንጫውንም አጥፋ። ለውሻ በተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ግን አይሁን፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ቁርጠት ይዟት ስታቃስት ሩብ ፓራሲታሞል ብሰጣት?

መልስ፦ አይሆንም። ሩብም፣ ፍርፋሪም። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት አጣርቶ ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ድመትን ይገድላል። ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ቀድማችሁ ሰጥታችኋት ከሆነ ምልክቱን አትጠብቁ፣ በጨው ውኃ ላስመልሳትም አትበሉ፤ የክኒኑን ካርቶን ይዛችሁ ሩጡ።

ጥያቄ፦ የጎንደር አንባቢዬ እናት ድመቷ ሆዷ ሲነፋ ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሰው ያልሷታል። በጾም ደግሞ ምግቧ እንጀራ በሽሮ ነው። “ለእኛ መድኃኒት የሆነ እሷን እንዴት ይጎዳታል?” ይላሉ።

መልስ፦ ይህን ለእናትሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። ከጉንፋን እስከ ሆድ ቁርጠት በነጭ ሽንኩርት ታክመን ያደግን ሰዎች ነንና ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የድመት ደም ግን እንደ እኛ አይደለም። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ቢደርቅም፣ ቢፈጭም ለውጥ የለውም። በበላች ዕለት ምንም ላይታይባት ይችላል። ከቀናት በኋላ ነው ድዷ የሚነጣው፣ የምትደክመው፣ ትንፋሿ የሚፈጥነው፣ ሽንቷ የሚጠቁረው። ያኔ ማሩንና ሽንኩርቱን የሚያስታውስ ሰው ስለማይኖር “ድንገት ታማ ሞተች” ይባላል።

ሽሮውም ከዚሁ አያመልጥም። ሽንኩርት ሳይቁላላለት ቢሠራ እንኳ ሲፈጭ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ በርበሬውም እንደዚያው። በፍስክ የሚተርፋት የዶሮ ወጥ መረቅ ደግሞ ሽንኩርቱ የትየለሌ ነው። እኛ “ሥጋ አበላናት” እንላለን፣ ሆዷ የገባው ግን የሽንኩርት ቁሌት ነው።

ሌላው ጾሙ ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ድመት ደግሞ ሥጋ በል ፍጡር ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከእንስሳት ሥጋ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። እናትሽ በጾም ሥጋ መንካት እንደማይፈልጉ ይገባኛል፣ አከብራቸዋለሁም። ከቅበላ በፊት ከሥጋ ቤት ልብና ቁርጥራጭ ግዢ፤ ያለ ጨው ቀቅለሽ፣ በትንንሽ ፌስታል ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ማታ ማታ አንዱን አውጥተሽ አንቺው ስጫት። ፍሪዘር ከሌለ የተቀቀለ እንቁላልም ለጊዜው ይረዳል፣ ታውሪኑ ግን እምብዛም ስለሆነ ሥጋን አይተካም፤ ጾም የማይጾም ጎረቤት ካላችሁም ያግዛችሁ።

ሆዷ መነፋቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ደጋግሞ የሚነፋት ከሆነ ሐኪም ይያት፤ ከትል ጀምሮ ብዙ ምክንያት አለው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ያለች እህት ድመቷ ስለደረቀባት ሐኪሙ የታሸገ ዱባ አዟል። ጣሳው ላይ “ለፓይ የተዘጋጀ” ይላል።

መልስ፦ መልሺው። ያ ስኳርና ቅመም አለበት። ዱባ ብቻ ያለበትን ግዢ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከምግቧ ጋር ይበቃል። እዚህ ያላችሁም የተቀቀለ፣ ጨውና ቅመም ያልነካው ዱባ ለቀላል ድርቀት መሞከር ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ጥልፍ የምትሠራ አንባቢ፣ ድመቷ ክር ውጣ ጫፉ ከኋላዋ ወጥቷል። ልሳበው?

መልስ፦ እንዳትስቢው። ሌላው ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ተይዞ ከሆነ ስትጎትቺው አንጀቷን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። በመቀስም አታሳጥሪው፤ እንዳለ ተይውና ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዪያት፤ መርፌ አብሮ ጠፍቶ እንደሆነም ንገሪው።