የሾፌሮች እድር ብናቋቁምስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። አምና አንድ ጓደኛችን በሥራ ላይ እያለ በመኪና አደጋ አረፈ። ሚስቱና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ ቀሩ። ያኔ አዋጥተን ሰጠናት፣ ግን ወር ሳይሞላ አለቀ። አሁን የሾፌሮች እድር ልናቋቁም አስበናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ከእድሩ በፊት ግን የሚስትየው መብት ይቅደም። ጓደኛችሁ በቋሚነት ተቀጥሮ ከነበረ፣ ከደሞዙ 7 በመቶ ከእሱ፣ 11 በመቶ ደግሞ ከአሠሪው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ይገባ ነበር። ሚስት የጡረታውን ግማሽ ታገኛለች፣ ልጆቹም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ብዙ ሰው «ለቅሶ ላይ እንዴት ወረቀት ይጠየቃል» ብሎ ዝም ይላል፣ ከዚያ ማስረጃው ይጠፋል። አንዳችሁ ጡረታ ቢሮ አብሯት ይሂድ። የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል።

እድሩን በተመለከተ፣ ሾፌር ሁሌ መንገድ ላይ ስለሆነ «እሁድ እሁድ እንሰብሰብ» የሚለው አይሠራላችሁም። መዋጮው በየወሩ በሞባይል ባንኪንግ ቢገባ ይሻላል። ሒሳቡን ሦስት ሰው በጋራ ይፈርምበት፣ ደረሰኙም ግሩፓችሁ ላይ ይለጠፍ። ለቀብር ስንት፣ ለሚስት ስንት፣ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ስንት የሚለውን አሁኑኑ በጽሑፍ ተስማሙ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን ጭቅጭቅ ነው። ረዳቶችንም አትርሱ፣ አደጋው እነሱንም አይምርም። ገንዘቡ ደግሞ በዘመድ በኩል ሳይሆን በቀጥታ በሚስትየው ሒሳብ ይግባ።