ዱካክ፦ ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ቅዳሜ የካ አባዶ፣ መብራት ጠፍቶ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እየዳበስኩ ስወጣ የጎረቤቴ ልጅ አገኘችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ እርስዎ የጤና ሰው ነዎት፤ በመንፈስ ያምናሉ?» አለችኝ። ሌሊት ነቅታ፣ ዓይኗ እያየ፣ እጅ እግሯ አልታዘዝ ብሏት፣ በሩ አጠገብ ሰው ቆሞ ነበር። «ዱካክ ነው፣ ሂጂ ተኚ» ብዬ ልስቅ አፌን ከከፈትኩ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። ይኸው አፍ አንዴ ተከፍቶ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ።

በ1976 ዓ.ም. ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ ተመደብኩ። 23 ዓመቴ ነበር። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ክረምት ላይ ጉሙ ግቢውን ሲሞላው ጉቶው ሁሉ ጅብ ይመስላል፤ እውነተኛው ጅብ ደግሞ አጥር ሥር ይጮሃል። ዛሬ በዚያ ሳልፍ የማየው ቤት ብቻ ነው፤ ጅቦቹ የት እንደገቡ እንጃ።

ዘበኛችን አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ሌሊት ይጠብቃሉ፣ ቀን ባሕር ዛፍ ይፈልጣሉ። መቼ እንደሚተኙ ጠይቄያቸው አላውቅም።

አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ መጣች። ሰዎቹ በሩን ደበደቡ። ዘበኛው በጨለማ ቁልፉን አጡት፤ ቢዳብሱ ቢዳብሱ የለም። ድብደባውን እኔም ሰምቼዋለሁ። ብርዱን ፈርቼ፣ «እሳቸው ይከፍቱላቸዋል» ብዬ ጋቢዬን ተከናነብኩ። ሴትዮዋ ሳይነጋ ሞተች። ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ በዚያች ክሊኒክ ደም የሚሰጥበት መንገድ ስላልነበረ፣ ምናልባት ቶሎ ቢከፈትም አትተርፍም ነበር። ይህችን «ምናልባት» ስንቴ እንደደጋገምኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

በሳምንቱ ተረኛ ሕመምተኛ ሁሉ እየሰማ፣ ዘበኛው ቆባቸውን አውልቀው ቀረቡኝ። «ዶክተር፣ ያች ሴትዮ ትመጣብኛለች። በጀርባዬ ጋደም ስል፣ ዓይኔ እያየ፣ ደረቴ ላይ ትቀመጣለች። ልጮህ ስል ምላሴ ይተሳሰራል። መድኃኒት አለው?»

ሳቅሁ። «አረቄውን ቀነስ ያድርጉ» አልኳቸው። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አረቄ እንደማይቀምሱ አውቅ ነበር።

ምን እንደደረሰባቸው የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለሥልጠና ስዘጋጅ ነው። ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል አለ፤ የእንቅልፍ ተመራማሪዎቹ አሴሪንስኪና ክላይትማን ቺካጎ ላይ ያሳወቁት በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ደማቁን ሕልም በብዛት የምናየው ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት የአንጎል ግንድ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ይቆልፋል፤ ባይቆልፍ የሕልማችንን ሩጫ አልጋ ላይ እንሮጠው ነበር። ዓይንና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዴ ሰውየው ይነቃል፣ ቁልፉ ግን ለሰከንዶች ወይም ለጥቂት ደቂቃ ሳይከፈት ይቆያል፤ ሕልሙም ገና አላለቀም። አየር በረጅሙ ልሳብ ሲል የደረቱ ጡንቻ እምቢ ይለዋል። «ተቀመጠብኝ» የሚያሰኘው ይህ ነው።

እንቅልፍ ያጣ፣ የመኝታ ሰዓቱ የተዛባ፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ይበልጥ ይደርስበታል። ዘበኛችን ሦስቱንም አሟልተዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 35 ጥናቶችን የሰበሰበ ጽሑፍ፣ በሕይወቱ አንዴ እንኳ የደረሰበት ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶ፣ ከተማሪ ግን 28.3 በመቶ መሆኑን ያሳያል። ያውም ቲክቶክ ሳይመጣ! የእናንተ ትውልድ ሌሊቱን ስልክ ላይ የአጋንንት ማስወጣት ቪዲዮ ሲያይ አንግቶ፣ ጠዋት «ምን ተጫነኝ?» ይላል።

«የቆመው ሰውስ?» አለችኝ ልጅቷ። የአንጎል ተመራማሪው ኦላፍ ብላንከና ባልደረቦቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባትን የ22 ዓመት ሴት ለቀዶ ሕክምና ሲመረምሩ ያዩትን ነገርኳት፤ ጽሑፉ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከአንጎሏ ግራ ጎን፣ ከጆሮ ከፍና ወደ ኋላ ያለውን ስፍራ በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነኩት፣ ከኋላዋ ሰው እንዳለ ተሰማት። ተቀምጣ ጉልበቷን ስታቅፍ ጥላውም ተቀምጦ አቀፋት። የምታነበው ካርድ ሲሰጧት ሊቀማት እንደሚፈልግ ተናገረች። ሰውነታችን የት እንዳለ የሚያሰላው ያ አካባቢ ስሌቱ ሲዛባበት፣ የገዛ አካላችንን ሌላ ሰው አድርጎ ያቀርብልናል።

ስም የምናወጣለት እኛ ነን። እኛ ዱካክ እንላለን፤ ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ የምትቀመጠው አሮጊት ናት። ዘበኛችን ላይ የተቀመጠችው ያቺ ወላድ ነበረች። በሩን የሰማሁት እኔ ላይ ግን አንድ ሌሊት እንኳ አልመጣችም፤ ደህና እተኛ ነበር።

ስለ እንቅልፍ ሰዓት አልመክራችሁም፤ እናቶቻችሁ ተናግረው ደክሟቸዋል። ጠበል ሂዱ አትሂዱም አልልም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ እንጂ። የምለምናችሁ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነግራችሁ «ማንን ይመስላል?» ብላችሁ እንድትጠይቁት ነው። ይህን ብጠይቅ ኖሮ ዘበኛው ስለዚያ ቁልፍ ያወሩኝ ነበር። ይህን ሁሉ የአንጎል ትምህርት ከሰጠሁ በኋላ፣ እኔው ዛሬም በጀርባዬ አልተኛም፤ ግድቡን በማታ ሳልፍም አማትባለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ዘበኛው የዚያን ወር ደመወዝ ሳይቀበሉ ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ የነገረኝ የለም። ጠዋት ስነሳ የግቢው ቁልፍ ከበሬ ጎን ባለው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። በጨለማ ሲዳበስ ቶሎ እንዲገኝ ትልቅ የጨርቅ ቋጠሮ አስረውበት ነበር።