የጊታሩን ኬዝ ማታውኑ እንዳትከፍተው

በዚህ አምድ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የምትልኩልንን ጥያቄ እንመልሳለን። ዛሬ ሦስት ጥያቄ አለን። የመጀመሪያው ትንሽ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ጠያቂው አስራ አንድ ወር ጠብቋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው፣ ሰርግ ላይና ሆቴል ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። አሜሪካ ያለችው እህቴ አንድ ጊታር ሠሪ ዘንድ ሄዳ እ.ኤ.አ. የ1952ቱን ቴሌካስተር፣ ያንን የፌንደር ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አስመስሎ እንዲሠራልኝ አዘዘችልኝ። ሰውዬው ብቻውን ነው የሚሠራው። ግማሹን ብር ቀብድ ወስዷል። ስድስት ወር ብሎ ነበር፣ ይኸው አስራ አንደኛ ወሩን ይዟል። እህቴ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ «እንጨት እየፈለግኩ ነው» ይላት ነበር፣ አሁን ደግሞ «ቀለሙ እየደረቀ ነው» ሆኗል። ቀለም ሦስት ወር ሙሉ ይደርቃል እንዴ? እያጭበረበራት ይሆን? እሷም በእኔ ፊት አፍራለች። ከመጣስ በኋላ ምን ምኑን ልይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህን መጀመሪያ ደውለህ አጽናናት። ሰውዬው የሰጣት ሁለቱም ምክንያት በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ምክንያት ነው። ሰውዬው ታማኝ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ እሱን የምታጣሩበትን መንገድ እነግርሃለሁ።

እንጨቱን እንይ። የዚያን ጊዜ ቴሌካስተር ገላው አሽ ከሚባለው የአሜሪካ ዛፍ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ከአንድ ወጥ ሜፕል። ለጊታር የሚፈለገው አሽ ረግረግ ቦታ የሚበቅለው ነው፣ ሲያነሡት ቀለል ስለሚል። አሁን እሱ እንደ ልብ አይገኝም። ከእስያ የገባ አንድ አረንጓዴ ጢንዚዛ የአሜሪካን የአሽ ዛፍ በብዙ ሚሊዮን ፈጅቶታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፌንደር ራሱ አሽ መጠቀሙን እንደሚቀንስ አስታውቋል። ፋብሪካው እንዲህ ከሆነ፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ጥሩ ጣውላ ፍለጋ ወራት ቢፈጅበት አይገርመኝም።

ቀለሙ ናይትሮሴሉሎስ ላከር ይባላል። ሽታውን ታውቀዋለህ፣ የሴቶች የጥፍር ቀለም ሽታ ነው፣ ዘሩም አንድ ነው። ይሄ ላከር የሚደርቀው ውስጡ ያለው ማቅጠኛ እየተነነ ነው። ቀጭን ቀጭን እየተደረገ ደጋግሞ ይነፋል፣ ከዚያ ተሰቅሎ ሳምንታት ይቆያል። ላዩ በአንድ ቀን ደርቆ እጅ አይዝም፣ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። ሠሪው ቸኩሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ካንጸባረቀው፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰምጥና የእንጨቱ መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ መንፋትም አይቻልም። ጣርማበር ላይ እንደሚተኛው ጉም ያለ ነጭ ነገር ቀለሙ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ወር ብዙ ነው፣ ግን ውሸት ነው አያሰኝም።

እንዲህ አጣሩት። እህትህ ያንተን ስምና የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከተሰቀለው ገላ ጎን አድርጎ ፎቶ እንዲልክ ትጠይቀው። የአንገቱን ጀርባም ያሳያት። በዚያ ዘመን አሠራር አንገቱን የሚያጠነክረው ብረት የሚገባው ከጀርባ ነው፣ መግቢያው ደግሞ በጥቁር ዋልነት እንጨት ይደፈናል፣ አንገቱ ላይ ረዥም ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ሥራውን የሚወድ ሠሪ ይሄን ሲጠየቅ ደስ ብሎት ነው የሚልከው። እምቢ ካለ ወይም ዛሬ ነገ ካለ፣ ያኔ ቀብዱን ጠይቁ። ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ጊታሩ ሲጫወት በቪዲዮ ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

አሁን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጊታሩ ገና ሠሪው እጅ ላይ እያለ የምትወስናቸው ነገሮች አሉ፣ ካለቀ በኋላ ማስቀየር ይከብዳል።

አንደኛው ስዊቹ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1967 ድረስ የቴሌካስተር ስዊች ሁለቱን ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ድምፅ የሚቀበሉትን ሁለት ማግኔቶች፣ አንድ ላይ አያበራም ነበር። ወደ አንገቱ ስትገፋው የሚሰጥህ ታፍኖ ቤዝ የሚመስል ድምፅ ነው፣ መሀሉ የአንገቱ ፒክአፕ ብቻ፣ ኋላው የብሪጁ፣ የክር መቀመጫው ማለት ነው፣ ብቻ። ሰርግ ላይ የምትጫወት ሰው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚወጣውን ያንን ጥርት ያለ ድምፅ ትፈልገዋለህ። በእኔ አስተያየት የዘመኑን አሠራር አስደርግ። ከውጭ ምንም ልዩነት አይታይም።

ሁለተኛው የአንገቱ ጉብታ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። የዚያ ዘመን አንገት ፊቱ ጎበጥ ያለ ነው፣ የጉብታው ልክ (ራዲየሱ) 7.25 ኢንች ነው። ለኮርድ እጅ ላይ ይመቻል። ግን እኛ አንቺ ሆዬና ባቲ ስንጫወት ክሩን እንደ ማሲንቆ እያወዛወዝን፣ እየገፋን ነው። የሮሃ ባንዱ ሰላም ሥዩም ጊታር ሲያዘፍን የሰማ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። በጎበጠ አንገት ላይ ክሩን ዝቅ አድርገህ ካስቀመጥክ፣ ወደ ላይኞቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ወደተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ወጥተህ ስትገፋው ክሩ ከፊቱ ያለውን ፍሬት ይነካና ድምፁ እንቅ ይላል። ወይ ክሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያስተካክለው ንገረው፣ ወይ ደግሞ አንገቱ ገና ካልተቀረጸ ጉብታውን ቀነስ አድርጎ 9.5 እንዲያደርገው ጠይቀው። የድሮው ይሁንልኝ ካልክ ከፍ ያለውን ክር ልመደው።

ሦስተኛው የክር መቀመጫው ነው። ሦስት የናስ በርሜል ነው ያለው፣ አንዱ በርሜል ሁለት ክር ይሸከማል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ፍጹም የተስተካከለ ቅኝት አታገኝም፣ ሁለቱን ክር አስማምተህ መሀል ላይ ታቆመዋለህ። ሲመጣልህ «ተበላሽቶ ነው የመጣው» ብለህ እንዳትደነግጥ ነው አሁን የምነግርህ። በርሜሎቹን ሰያፍ አድርገው የሚቀርጹ ሠሪዎች አሉ፣ እነሱ ይሻላሉ።

ፒክአፑ ሰም ውስጥ የተነከረ መሆኑንም ጠይቅ። ካልተነከረ ድምፁን ከፍ ስታደርግ ይጮህብሃል።

እንግዲህ መጣ እንበል። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። የዛሬ ስንት ዓመት በታኅሣሥ ወር በዚሁ ላከር የተቀባ ጊታር ከውጭ መጣልኝ። አዲስ አበባ ተቀብዬው በማታ ሚኒባስ 130 ኪሎ ሜትሩን ይዤው መጣሁ፣ ከኋላ ዕቃ ጋር ነው የተጫነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ውርጩ የመኪናውን መስታወት አንጥቶታል። ቤት ገባሁ፣ ማንደጃው ቦግ ብሎ ነዷል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ሁሉም «ክፈተው፣ ክፈተው» አለኝ። ከፈትኩት። ጊታሩ ሲነኩት እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። ወደ እሳቱ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ሳገላብጠው፣ ጥስ፣ ጥስ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፣ ስስ በረዶ ሲረገጥ እንዳለው። ከብሪጁ ሥር ጀምሮ እስከ ገላው ጠርዝ ድረስ ፀጉር የሚያህል መስመር ሲሄድ ዓይኔ እያየ ሄደ። ከዚያ ሌላ አጠገቡ። በጥፍሬ ስዳስሰው ይያዛል። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፣ ቀለሙ ነው። ቀዝቃዛው ላከር ድንገት ሲሞቅ ከእንጨቱ ጋር እኩል መለጠጥ አይችልም፣ ይፈነዳል። ያቺ ማታ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ስለዚህ ኬዙን፣ መያዣ ሣጥኑን ማለቴ ነው፣ አትክፈት። ከካርቶኑም አታውጣው። ማንደጃ ወይም ምጣድ ከሌለበት ክፍል አስገባና በመንዝ ባና ጠቅልለው፣ ባና ብርዱን ቀስ አድርጎ ነው የሚያስለቅቀው። አንድ ቀን ሙሉ፣ 24 ሰዓት ይቆይ። እንግዳ ቢመጣም፣ እናትህም ቢለምኑህ ይቆይ። በማግስቱ ከፍተህ መጀመሪያ አሽትተው፣ የጥፍር ቀለም ሽታው ከባድ ከሆነ ላከሩ ገና ነው፣ ጥቂት ሳምንት በጥንቃቄ ያዘው። የጎማ እግር ባለው ማቆሚያ ላይም አታሳርፈው፣ ጎማው ላከሩን ያቀልጠዋል። ማቆሚያውን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው።

በጥቅምትና በጥር መካከል አየሩ ሲደርቅ አንገቱ ይኮማተራል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ጣት መቧጠጥ ይጀምራል። እርጥብ ስፖንጅ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ አድርገህ ኬዙ ውስጥ አስቀምጥ። ይሄ ነገር የሚያስፈልግህ የዚያ ዘመን አንገት ማስተካከያ ብሎን ያለው ከገላው ጋር በሚጋጠምበት በኩል ስለሆነ ነው። አንገቱን የያዙትን 4 ብሎኖች ሳትፈታ በደንብ አትደርስበትም።

ጊታሩ ራሱ የግድግዳ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ስለዚህ አይቃጠልም። እህትህ ግን አብራ የአሜሪካ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ልላክ ካለች አይሆንም በላት፣ የዚያ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የጉምሩኩንም ነገር ጊታሩ ሳይነሳ ጠይቁ፣ የተከፈለበት ደረሰኝ አብሮ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው። ደብረ ብርሃን ለሥራ በወጣሁ ቁጥር ጊታሬ መድረክ ላይ ቅኝቱን ይስታል። ከቤት ስነሣ ግን አስተካክዬው ነው። የክር ጥራት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ክሩን አትወንጅዪው። አንቺ የምትነሺው ከቆላ ነው፣ የምትደርሺው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የብረት ክር ሲሞቅ ይለጠጥና ድምፁ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ይወጣል። ከቤትሽ የቃኘሽው ክር ደብረ ሲናን አልፈሽ ጣርማበርን ስትወጪ እየጠበቀ ነው የሚሄደው። ስትደርሺ ጊታሩን የምትጫወቺበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳርፊው፣ ከዚያ ነው መቃኘት። አስቀድመሽ ከቃኘሽው መልሶ ይስታል። መድረኩ ላይ መብራቱ ሲሞቅ ደግሞ ትንሽ ይወርዳል፣ በሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ አንዴ አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነኝ። እኔም አስመስዬ ላሠራ አስቤአለሁ። በጊታሩ ጭንቅላት ላይ የዋናውን ፋብሪካ ስም ለጥፍልኝ ብለው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ዛሬ አንተ ቅጂ መሆኑን ታውቃለህ። የዛሬ 10 ዓመት ሲሸጥ የሚገዛው ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ዋናው ጊታር ዛሬ ቤት የሚያሠራ ብር ነው የሚያወጣው፣ አንድ ልጅ ያጠራቀመውን ሁሉ ሰጥቶ የተሳሳተ ነገር ይዞ ይቀራል። ሠሪው የራሱን ስም ይጻፍ። የተሠራበትን ዓመት ደግሞ ከአንገቱ ሥር፣ 4ቱ ብሎኖች ሲፈቱ የሚታየው ቦታ ላይ በእርሳስ ያስፍርልህ፣ በጥንቱ ዘመንም ቀን የሚጻፈው እዚያው አንገቱ ሥር ነበር።