ለወንድምሽ ላፕቶፕ፦ ከሁለቱ አንዱንም አትግዢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ዛሬ ከሥራ ስወጣ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው። ወንድምሽ ዘንድሮ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ምህንድስና ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ ከአሰላ ሆነሽ 45 ሺህ ብር አጠራቅመሽለታል። ሻጩ ሁለት ላፕቶፕ አሳይቶሻል። አንዱ ከነካርቶኑ አዲስ ነው፤ ሴሌሮን የሚባል አነስተኛ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ 4 ጂቢ ራም (የሥራ ማስታወሻው)፣ 64 ጂቢ ማከማቻ። ሌላው ያገለገለ ኮር አይ7 ፕሮሰሰር ያለው ነው፣ 6ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)። "የቱን ልግዛለት?" ብለሻል።

እኔ አዳማ ነው የምኖረው። ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ድራፍቲንግ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ቀኑን ሙሉ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ መሳያ ፕሮግራም ላይ ነኝ። እስካሁን አራት ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። አንዱ ክፉኛ አቃጥሎኛል፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። መልሴ ግን ሁለቱንም ተያቸው ነው።

አዲሱ ያጓጓል፣ ይገባኛል። ካርቶን መክፈት ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው። ግን 64 ጂቢ ላይ ዊንዶውስና ማሻሻያዎቹ ሲቀመጡ የሚተርፈው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። በዚህ ዋጋ የሚገኙት ማከማቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ነው፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ። ራሙም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። "በሚቀጥለው ዓመት አሳድግለታለሁ" ብትይ የሚነቀልና የሚተካ ነገር አታገኚም።

አይ7ቱ ደግሞ በስሙ ነው የሚሸጠው። ሻጭ "አይ7 እኮ ነው!" ሲልሽ "ስንተኛ ጄኔሬሽን?" በይው። ከአይ7 ወይም ከአይ5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪ። 8350ዩ ከሆነ 8ኛ፣ 6600ዩ ከሆነ 6ኛ፣ 1135ጂ7 ከሆነ 11ኛ ነው። መጨረሻቸው ዩ የሆኑት፣ ማለትም ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የሚገቡት፣ እስከ 7ኛ ጄኔሬሽን ድረስ አይ7 እንኳ ሆነው ሁለት ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉ ሁለት ክፍሎች፣ ብቻ ነበራቸው። 8ኛው ላይ ኢንቴል አራት አደረጋቸው። ስለዚህ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ5 ከ6ኛ ጄኔሬሽን አይ7 ይበልጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ለስም ብቻ ተጨማሪ ብር ይከፍላል፣ እኔን ያናድደኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። መሥራቱን አያቆምም፤ ግን መደበኛው የደህንነት ማሻሻያ ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው ማለት ይቻላል። ግቢ ውስጥ ፋይል በፍላሽ ከዶርም ዶርም ሲዞር ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ያለ መከላከያ ባታሰማሪው ጥሩ ነው።

ታዲያ ምን ይገዛ? ያገለገለ፣ ግን ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ላፕቶፕ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 5490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፤ ሦስቱም 8ኛ ጄኔሬሽን ይገኛሉ። የውጭ ኩባንያዎች ጥቂት ዓመት ሠርተውባቸው የሚሸጧቸው ናቸው። ሰውነታቸው ጠንካራ ነው፣ ሦስቱም ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። አይ5፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ካገኘሽ ያዢ። ኤስኤስዲው ላይ ግን ድርድር የለም። ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ሌላው ሁሉ ቢሟላም ሲከፈት ያንቀላፋል፣ አውቶካድ ላይ ስታክ ያደርጋል። ምርጫ ካለሽ ስክሪኑ ፉል ኤችዲ፣ ማለትም 1920 በ1080 ይሁን። ቲ480 በ1366 በ768 የመጣም ስላለ ጠይቂ። ቲ480ኤስ የሚባለው ሌላ ነው፤ የራሙ ከፊል የተበየደ ነው።

ወንድምሽ "ግራፊክስ ካርድ ያለው" ካለሽ አትስሚው። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ ዎርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ፓወርፖይንት። ዲፓርትመንት ገና አልያዘም። ሲቪል ከገባ አውቶካድ፣ እንዲሁም ኢታብስና ሳፕ2000 የሚባሉ የሕንፃ ስሌት ፕሮግራሞች ይጠብቁታል፤ ያኔ ራሙን ወደ 16 ታሳድጊለታለሽ፣ ይበቃዋል። ኢታብስና ሳፕ የሚሠሩት ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሆነ ማክቡክም አያስፈልገውም። አርክቴክቸር ገብቶ የ3ዲ ሬንደር ሥራ ከመጣ ብቻ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እሱንም ያኔ እናወራለን።

አሁን ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ሱቁን አልጠራም። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁለት ወር በደስታ ሠራሁበት። ቫይረስ ገባበትና ፎርማት አደረግኩት። ዋይፋይ ሳገናኘው የማላውቀው የውጭ ኩባንያ ስም ስክሪኑ ላይ መጣ፤ በኩባንያው ኢሜይል ግባ ይለኛል። ለካ ላፕቶፑ ከኩባንያው መዝገብ አልወጣም ነበር። ሻጩ ያለ ኢንተርኔት ዊንዶውስ ጭኖ ነው የሰጠኝ። ተመልሼ ስሄድ "ስትወስደው ይሠራ ነበር" አለኝ። ኩባንያው ራሱ ካልሰረዘው በቀር መፍትሔ የለውም። በዚያ ሳምንት የማስረክበው ሥራ ነበረኝ፤ የጓደኛዬን ላፕቶፕ ለምኜ ነው የጨረስኩት።

ስለዚህ ሻጩን ላፕቶፑን እፊትሽ ሪሴት እንዲያደርገው፣ ማለትም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው እንዲያስነሳው ጠይቂው። ከዚያ የስልክሽን ዳታ ከፍተሽ አገናኚው። የማንም ድርጅት ስም ሳይመጣ ማዋቀሪያው ካለፈ ከዚህ ችግር ነፃ ነው። አንድ ሰዓት ይፈጃል። "ጊዜ የለኝም" ካለሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂጂ። ሲነሳ ባዮስ ውስጥም (ከዊንዶውስ በፊት ያለው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ግቢ፤ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አትግዢው። ታስክ ማናጀርን ክፈቺና ፐርፎርማንስ የሚለውን እዪ፤ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን እዚያ ታገኚዋለሽ። ከላይ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኚ፣ ስቲከር ይለጠፋል። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ተጫኚ፣ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሞክሪ።

ባትሪው የራሱ ምርመራ አለው። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) ላይ powercfg /batteryreport ብለሽ ጻፊ፤ ሪፖርቱ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግርሻል፣ እሱን ክፈቺ። የሚወጣው ገጽ ላይ ዲዛይን ካፓሲቲና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው 50,000 ሆኖ ሁለተኛው 30,000 ከሆነ ባትሪው 60 በመቶ ነው የቀረው። እኔ ከ70 በታች ከሆነ ዋጋ አስቀንሳለሁ። ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለቱንም ተመልከቺ። የኋላው በእጅ የሚወልቅ ስለሆነ ሲያረጅ መለወጥ ቀላል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አዳማ ደግሞ አሰላ አይደለም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ይከብዳል፣ አቧራውም አያባራም። ላፕቶፑን ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ እንዳያስቀምጥ አደራ በይው፤ አየር የሚስበው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ነው። በዓመት አንዴ ፋኑ ተጠርጎ ቴርማል ፔስቱ (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ይለወጥለት። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀል፤ ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት አዳፕተር ያቃጥላል። ከፍተኛ ሙቀትና 100 ፐርሰንት ቻርጅ አንድ ላይ ባትሪ ይገድላሉ። የገዛሽው ሌኖቮ ከሆነ፣ መብራት በማይቆራረጥበት ሰሞን ሌኖቮ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም ቻርጁ 80 ላይ እንዲያቆም ያድርገው፤ መጥፋት ሲበዛ ወደ 100 ይመልሰው።

ብሩን በተመለከተ፣ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባለፈው ወር ዋጋ ለዚህ ወር አይሠራም። ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቂ፣ 45ቱንም ሺህ እዚያው አታራግፊው። ለቦርሳና ለራም ትንሽ አስቀሪ። ዋስትናውንም በቃል አትቀበዪ፣ ደረሰኝ ላይ ከነሲሪያል ቁጥሩ ያስፍሩልሽ።

የመረጥሽውን ስታገኚ ከመክፈልሽ በፊት የባትሪ ሪፖርቱንና የታስክ ማናጀሩን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ወዲያው አየዋለሁ።