የዶሮዎቼ ላባ ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችንና አንድ አውራ ዶሮ ሳረባ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ካለፈው ወር ወዲህ የሦስቱ ላባ እየረገፈ አሳስቦኛል። አንደኛዋ ከራሷና ከአንገቷ ጀምሮ ተመልጣ አሁን ደረቷም ሳስቷል፤ እንቁላል መጣልም አቁማለች። ሁለተኛዋ ጀርባዋ ብቻ ተራቁቷል፤ እንቁላሏን ግን አላቋረጠችም። ሦስተኛዋ ከጭራዋ ሥር፣ በእንቁላል መውጫዋ ዙሪያ፣ ላባዋ አልቆ ቆዳዋ ቀልቷል። በሽታ ከሆነ ወደ ቀሩት ሳይዛመት መድኃኒት ልስጣቸው ወይስ ላስወግዳቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እባክዎ የትኛዋንም ለማስወገድ አይቸኩሉ። ላባው የረገፈበትን ቦታ ለእያንዳንዷ ለይተው መጻፍዎ ትልቅ እገዛ ሆኖኛል፤ የዶሮ ላባ ለምን እንደረገፈ ከሁሉ በፊት የሚናገረው ቦታው ነውና። እንደ እኔ ግምት የሦስቱ ዶሮዎች ችግር አንድ አይደለም።

የመጀመሪያዋ ላባ እየቀየረች ይመስለኛል። ያደገች ዶሮ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ አሮጌ ላባዋን ጥላ አዲስ ታበቅላለች፤ የመጀመሪያው ሙሉ ቅያሪ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከ16 እስከ 18 ወር ዕድሜ ላይ ሲሆን፣ ዋናው ቀስቃሹም የቀን ብርሃን እያጠረ መሄዱ ነው። መርገፉ ከራስና ከአንገት ተነሥቶ ወደ ደረትና ወደ ጀርባ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ክንፍና ጭራ ይደርሳል። ደረቷ ብቻ ተራቁቶ ቀኑን ሙሉ ከጎጆዋ አልነሣም ብትል ኖሮ ልትታቀፍ ፈልጋ ነው እል ነበር። ለማረጋገጥ የአንገቷን ቆዳ በደህና ብርሃን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ሰም በመሰለ ሽፋን የተጠቀለሉ፣ እንደ እስክሪብቶ ጫፍ የሾሉ ቡቃያዎች ካዩ አዲሱ ላባ እየመጣ ነው። እነዚህ ቡቃያዎች ውስጣቸው ደም ስለሚዘዋወርበት ሲነኩ ያማሉ፤ ስለዚህ በዚህ ወቅት ልጆች እያነሡ እንዳያቅፏት ይከልክሉ። ላባ በአብዛኛው የተሠራው ከፕሮቲን በመሆኑ ሰውነቷ ለእንቁላል ያውለው የነበረውን ወደ ላባ ማዞሩ ነውና፣ መጣል ማቆሟ ሊያስደነግጥዎ አይገባም። የእንቁላል ጣይ መኖ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይይዛል፤ እስክታገግም ድረስ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሚይዝ መኖ ቢሰጧት ይረዳታል፤ እህል ብቻ መበተን ግን ቅያሪውን ያጓትተዋል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ትጨርሳለች።

የሁለተኛዋ ምክንያት አውራው ዶሮ ነው። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 12 ሴት ዶሮዎች ይመከራሉ፤ የእርስዎ ስድስት ሲሆኑ፣ አውራ ደግሞ አንዷን አብዝቶ መምረጡ የተለመደ ነው። ሲወጣባት በጥፍሩ የጀርባዋን ላባ ይሰብረዋል፤ ከሥሩ ያልወጣ ስባሪ ደግሞ እስከሚቀጥለው ቅያሪ ድረስ በአዲስ አይተካም። ስለዚህ ለውጥ ቶሎ ባያዩ ተስፋ አይቁረጡ። አውራውን ለጥቂት ሳምንታት ይለዩት፤ ጀርባዋ ቆስሎ ከሆነ መለየቱ የግድ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበችኝ ሦስተኛዋ ናት። በእንቁላል መውጫ ዙሪያ ላባ አልቆ ቆዳ ሲቀላ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቅማልና ቅንቅን ናቸው። ቅማል የገለባ ቀለም ያለው፣ ላባው ሲገለጥ ፈጥኖ የሚሸሽ ሲሆን፣ እንቁላሉን እንደ ጨው ቅንጣት አከማችቶ በላባው ሥር ይለጥፋል። ቅንቅን ግን እጅግ ያነሰና የጠቆረ ስለሆነ ላባው የቆሸሸ ብቻ ሊመስልዎ ይችላል። ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቆች ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ብቻ ወጥቶ ደም የሚመጥ ዓይነትም አለ፤ በቀን መርምረው ምንም ባያገኙ ነፃ ናት ብለው አይደምድሙ። ከጨለመ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ባትሪ ይዘው ይግቡና የቆጡን ሥር በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ላይ የደም ጭረት ከታየ ተባዩ እዚያ አለ።

ተባይ ከተገኘ መታከም ያለባት እሷ ብቻ ሳትሆን ዶሮዎቹ ሁሉ፣ ቆጡና ጎጆዎቹም ጭምር ናቸው። ጉዝጓዙን አውጥተው ስንጥቆቹን ይጥረጉ፤ ከዚያም ለዶሮ የተፈቀደ መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ይጠቀሙ። መድኃኒቱ የተባዩን እንቁላል ስለማይገድል ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይድገሙት፤ እንቁላሉን ከመብላትዎ በፊት ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎም ከእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። ለሰብል የሚረጭ ፀረ ተባይ ግን በፍጹም አይንኩ። ደረቅና ደቃቅ አፈር የሚታጠቡበት ጥግም ያዘጋጁላቸው።

ምንም ተባይ ካላገኙ ባልንጀሮቿ እየነቀሏት ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ራቅ ብለው ተቀምጠው ይከታተሏቸው። መጨናነቅና የፕሮቲን እጥረት ይህን ያባብሳሉ። ደም ከታየባት በዚያው ሰዓት ለይተው ያስቀምጧት፤ ደም ያየ መንጋ መንቆሩን አይተውምና። መብላት ካቆመች ወይም ከከሳች ግን ሐኪም ይያት።

ሁሉንም ማከም ካስፈለገ፣ ላባ እያበቀለች ያለችውን የመጀመሪያዋን ዶሮ በክንፏ አንጠልጥለው ሳይሆን በሁለት እጅዎ ከሥር ደግፈው ይያዟት።