የ1967 ለንደን ምሽት፦ ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ነበር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የምትጽፊው ልብ ወለድ በፈረንጆቹ 1967 ለንደን ውስጥ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ክፍል ካከራዩት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ጋር ሳሎን ያመሻል። ረቂቅሽ ላይ ቴሌቪዥኑ ባለቀለም ነው፣ ቻናል በሪሞት ይቀያየራል፣ ፊልሙም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያልቃል። "ያስኬዳል ወይ?" ብለሻል። አያስኬድም፤ ግን ለማስተካከል ቀላል ነው። እኔ በዚያ ዘመን እዚያው ተማሪ ነበርኩ። ሰሜን ለንደን ክፍል ተከራይቼ ብዙ ማታ የአከራዮቼ ሳሎን ውስጥ አምሽቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ ቀለሙን አውጪው። ቀለም የጀመረው ቢቢሲ 2 ነው፣ ጁላይ 1 ቀን 1967፣ በዊምብልደን ቴኒስ። ቢቢሲ 1 እና አይቲቪ (ማስታወቂያ የሚያሳየው የግል ጣቢያ) ባለቀለም የሆኑት በኖቬምበር 1969 ነው። ባለቀለሙ ሳጥን ደግሞ ከ250 ፓውንድ በላይ ያወጣ ነበር። ክፍል እያከራየ የሚኖር ሰው አይገዛውም።

የኛ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ነው። ሲከፈት እስኪሞቅ መጠበቅ አለ፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ቀስ ብሎ ይመጣል። ምስሉ መንከባለል ከጀመረ አንዱ ይነሳና ቁልፉን እያሽከረከረ "አሁንስ? አሁንስ?" ይላል። ብዙ ቤተሰብ ሳጥኑን አይገዛም፣ ይከራያል። ሳንቲም ካልጎረሰ የማይሠራም ነበር። ትከቻለሽ፣ ታያለሽ፣ ጊዜው ሲያልቅ ድርግም ይላል። ነፍሰ ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ድርግም ብሎ፣ ሰው ሁሉ ኪሱን ሲዳብስ አስቢው! ለደራሲ እንዲህ ያለ ነገር በነጻ አይገኝም።

ፈቃድም ነበረው። በዓመት 5 ፓውንድ ፖስታ ቤት ይከፈላል። ያልከፈለውን ፈልጎ የሚይዝ መኪና ሰፈር ለሰፈር ይዞራል ስለሚባል፣ መንገድ ላይ እንግዳ ቫን ሲቆም የሚደነግጥ ጎረቤት አይጠፋም።

ቻናሎቹ ሦስት ናቸው፤ ለብዙ ቤት ግን ሁለት። ቢቢሲ 2 የተከፈተው ኤፕሪል 20 ቀን 1964 ነው። የዚያን ዕለት ማታ ምዕራብ ለንደን መብራት ጠፍቶ የምረቃው ዝግጅት ተበላሸ። በማግስቱ አቅራቢው ሻማ እፍ ብሎ አጥፍቶ ጀመረ፤ እንግሊዞች በራሳቸው ሲቀልዱ ይችሉበታል። አዲሱ ቻናል የሚሠራጨው ምስሉ በ625 መስመር ተሠርቶ ነው፣ የድሮዎቹ ሳጥኖች ደግሞ የሚቀበሉት 405 መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ሳጥንና አዲስ አንቴና ያስፈልጋል። ረቂቅሽ ላይ ሴትዮዋ "ፎርሳይት ሳጋ" የተባለውን ተከታታይ ድራማ ስትከታተል አይቻለሁ። በ1967 መጀመሪያ የታየው በቢቢሲ 2 ነው፤ በአሮጌ ሳጥን አታገኘውም። ሀገሬው ሁሉ ያበደበት በሴፕቴምበር 1968 ቢቢሲ 1 እሁድ ማታ ሲደግመው ነው። ለሱ ሲባል የማታ ጸሎት ሰዓት የቀየሩ ቤተ ክርስቲያኖች ነበሩ። ወይ ዓመቱን ቀይሪ፣ ወይ አዲስ ሳጥን ግዢላቸው።

ሪሞት የለም። መቅጃም የለም። ያመለጠሽ አመለጠሽ። እራቱ፣ ጥሪው፣ የልጁ ገላ መታጠቢያ ሁሉ በፕሮግራሙ ሰዓት ይለካ ነበር። የፕሮግራም መጽሔቱም ሁለት ነው፦ "ሬዲዮ ታይምስ" የቢቢሲን ብቻ፣ "ቲቪ ታይምስ" የአይቲቪን ብቻ ያወጣል። አይቲቪን የሚንቁ ቤቶች ስለነበሩ፣ ጠረጴዛው ላይ የትኛው እንዳለ አይተሽ ስለባለቤቶቹ ብዙ ታውቂያለሽ። የኔዎቹ ሁለቱንም ይገዙ ነበር፤ ሴትዮዋ ለአይቲቪ፣ ባልየው ለቢቢሲ።

ሰኞን እንውሰድ። ከምሽቱ 1፡30 ላይ አይቲቪ "ኮሮኔሽን ስትሪት"ን ያሳያል፤ ሰኞና ረቡዕ ነው። የማንቸስተር አካባቢ ሠራተኞች ሰፈር ድራማ ነው፣ ከ1960 ጀምሮ ያለ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ስልክ መደወል ነውር ነው። ማስታወቂያ ሲመጣ ሴትዮዋ ሻይ ልትጥድ ትነሳለች። (የሲጋራ ማስታወቂያ እንዳታስገቢ፤ በኦገስት 1965 ከቴሌቪዥን ታግዷል። ሳሎኑ ውስጥ ግን የፈለግሽውን ያህል አጭሺ።) ከዚያ ባልየው በተራው ወደ ቢቢሲ ይለውጥና "ፓኖራማ"ን ያያል፤ ስለ ፖለቲካና ስለ ዓለም ነው። የአይቲቪ የ4 ሰዓት ዜና የጀመረው ጁላይ 3 ቀን 1967 ስለሆነ ወሩን ተጠንቀቂ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት አካባቢ የእግር ኳስ ውጤት ይነበባል። ባልየው የቶቶ ወረቀቱንና እርሳሱን ይዞ ይቀመጣል፤ ያኔ ማንም አይተነፍስም። አንባቢው የመጀመሪያውን ቡድን ስምና ጎል ሲያነብ፣ ከድምፁ አወጣጥ ብቻ እኩል መውጣቱን ይገምታሉ። ለጥቆ "ዶክተር ሁ" የተባለው አስፈሪ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ይመጣል፣ ልጆቹ ፈርተው ከሶፋው ጀርባ ይገባሉ።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ገጸ ባሕሪሽ ጥቁር ስለሆነ ልታልፊው የማትችይው ነገር አለ። "ብላክ ኤንድ ዋይት ሚንስትረል ሾው" ይባላል። ነጭ ወንዶች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው የድሮ የአሜሪካ ዘፈኖች እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። በቢቢሲ 1፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ ሚሊዮኖች ያዩታል። በዚያው በ1967 የዘር መድልዎ ተቃዋሚዎች እንዲቋረጥ የሚጠይቅ ፊርማ አቅርበው ነበር። አልሰሟቸውም፤ እስከ 1978 ቀጠለ። ሴትዮዋ ብስኩት እያቀረበችልኝ "ድምፃቸው አያምርም?" ያለችኝ ዛሬም ይሰማኛል። ክፋት አልነበራትም፤ የከበደኝም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን መልስ አላጣም ነበር። "ያምራል" ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ያንን ሻይ ልብ ወለድሽ ውስጥ ብታስገቢው ደስ ይለኛል። ተማሪሽ የሚናገር ዓይነት ከሆነም ይናገር፤ የሚናገሩ ልጆችም ነበሩ።

እኩለ ሌሊት ገደማ ቢቢሲ 1 ብሔራዊ መዝሙር ያሰማና ይዘጋል፤ ሳጥኑን ማጥፋት እንዳትረሱ ብሎም ያሳስባል። የሥርጭቱን ሰዓት የሚገድበው መንግሥት ነበር። ስለዚህ የ7 ሰዓቱን ፊልም እርሺው።

ሌላ አንድ ነገር። ቴሌቪዥን አዲስ አበባ የገባው በእኛ በ1957 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ በ1964 ነው፣ ያውም ለጥቂት ቤት። ተማሪሽ ከዚያ በፊት ከሀገር ከወጣ፣ መጀመሪያ ያየው እንግሊዝ ሊሆን ይችላል።

የዘመኑን ቅጂ ዩቲዩብ ላይ ፈልገሽ ብታጪ አትገረሚ። የቪዲዮ ክር ውድ ስለነበር እየደመሰሱ ይቀዱበት ነበር፤ ብዙው ጠፍቷል። የ"ሬዲዮ ታይምስ" ዝርዝር ግን "ቢቢሲ ጂኖም" በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ቀን በቀን አለ። የአይቲቪን እዚያ አታገኚም። ትዕይንቱን የትኛው ቀን ላይ እንደምታደርጊው ስትወስኚ ጻፊልኝ። ሐሙስ ካደረግሽው 1፡30 ላይ "ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ" የተባለው የፖፕ ሙዚቃ ዝግጅት አለ፤ ቤቱ ውስጥ ጎረምሳ ልጅ ካስገባሽ ከአባቱ ጋር መጣላታቸው አይቀርም።