የመንደር ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ጠይቁኝ

እንግሊዝ አገር የአንድ ትንሽ ፓሪሽ ካውንስል ክለርክ ነኝ፤ በእኛ አነጋገር ጸሐፊ። ስለ ሥራውና ጸሐፊዎችን ስለሚደግፉ ማኅበራት የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ፓሪሽ ካውንስል የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው እንዴ? ለንደን ስኖር አንድም አላየሁም።

መልስ፦ ስሙ የሰበካ ነው፤ የ1894ቱ ሕግ ግን ከቤተ ክርስቲያን ለይቶታል። መጫወቻ ሜዳ፣ መቃብር ቦታ፣ የአውቶቡስ መጠለያ የመሳሰለውን ይይዛል፤ ገንዘቡም ካውንስል ታክስ ከሚባለው የመኖሪያ ቤት ግብር ጋር አብሮ ይሰበሰባል። እንግሊዝ ውስጥ 10,000 ገደማ አሉ። ለንደን ውስጥ ማቋቋም ግን ለብዙ ዓመታት አይፈቀድም ነበር፤ ኩዊንስ ፓርክ የሚባለው የለንደን ሰፈር ያቋቋመው በ2014 ነው። ባታይ አይፈረድብህም።

ጥያቄ፦ ናልክና ኤስኤልሲሲ የሚባሉት አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፣ ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል። በ1947 የተመሠረተው ናልክ የምክር ቤቶች ማኅበር ነው፤ ምክር ቤቱ በየካውንቲው (በየአውራጃው) ባለው ማኅበር በኩል ይገባል። በ1972 የተመሠረተው ኤስኤልሲሲ ደግሞ የጸሐፊዎቹ ነው፣ አባሉ እኔው ነኝ። ጥቅሙን ያወቅሁት ስሳሳት ነው። የስብሰባ ጥሪ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን አስቀድሞ መውጣት አለበት፤ የተለጠፈበትና የሚሰበሰቡበት ቀን አይቆጠሩም። እኔ ለሐሙስ ማታ ስብሰባ ሰኞ ለጠፍኩ። ረቡዕ ማታ ጣቴን ስቆጥር ሁለት ብቻ! በማግስቱ ማለዳ ለማኅበሩ አማካሪ ደወልኩ፤ «ሰርዢውና አዲስ ጥሪ አውጪ» አለኝ። ሊቀመንበሩ ተቆጡ፤ ግን ቢሰበሰቡ ኖሮ የወሰኑት ሁሉ ሊፈርስ ይችል ነበር። አሁን ለሐሙስ ስብሰባ ቀድሞ ባለው ዓርብ እለጥፋለሁ።

ጥያቄ፦ በዙም ስብሰባ ላይ የፓሪሽ ካውንስል ሊቀመንበርን ያስወጣችው ጃኪ ዊቨር የእናንተ ሰው ናት?

መልስ፦ ጸሐፊ አልነበረችም፤ የቼሻየር ካውንቲ ምክር ቤቶች ማኅበር ኃላፊ ነበረች። በዲሴምበር 2020 የሃንድፎርዝን ፓሪሽ ካውንስል ልታግዝ ገብታ ነው «እዚህ ሥልጣን የለሽም» የተባለችው። ቪዲዮው በፌብሩዋሪ 2021 ዓለምን አዳረሰ። ሁላችንም ለእሷ አጨበጨብን፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ማስወጣቱ ሥልጣኗ እንዳልነበረ ነው የጻፈው። እነዚህ ማኅበራት ይመክራሉ እንጂ አያዙም፤ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። ጸሐፊውም የምክር ቤቱ ሁሉ ተቀጣሪ እንጂ የሊቀመንበሩ አይደለም። ይህን ያልገባው ሊቀመንበር ሞልቷል።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሲልካ የሚሉት የጸሐፊነት ምስክር ወረቀት ግዴታ ነው?

መልስ፦ ለመቀጠር ግዴታ አይደለም። ግን ከ2011 ሕግ ወዲህ ምክር ቤቱ ሕግ ያልከለከለውን ሁሉ የመሥራት ሰፊ ሥልጣን የሚያገኘው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ተመርጠው የገቡ ሲሆኑና ጸሐፊው ብቁ ማስረጃ ሲኖረው ነው። ስለዚህ ለቅጥር ስትደራደሪ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የእድር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ይረዳኛል?

መልስ፦ ገንዘብ መያዝ፣ ሰው ማባበል፣ አዎ። ቃለ ጉባኤውን ግን እንደ አዲስ ትማረዋለህ። በእድር ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንዳኮረፈ ሳይቀር እንጽፋለን፤ እዚህ የሚጻፈው የተወሰነው ነው። የመጀመሪያዬ ስድስት ገጽ ነበር፣ አሁን ከሁለት አያልፍም።

ጥያቄ፦ መኪና ያስፈልጋል?

መልስ፦ ስብሰባው ማታ ነው፣ የገጠር አውቶቡስ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። መንጃ ፈቃዱን አውጣ።